በቀን ሺህ ገጽ የሚያትም ፕሪንተር በአዳማ አቧራ ውስጥ እንዴት ይያዛል?

አዳማ ውስጥ የቢሮ ፕሪንተር ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚወቀሰው ቶነሩ (የዱቄት ቀለሙ) ነው፤ ቀጥሎ ማሽኑ «አርጅቷል» ይባላል። ክዳኑ ሲከፈት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነው፦ ወረቀት ሳቢው ጎማ ላይ የተጋገረ ነጭ ብናኝ፣ የአየር ማጣሪያው ላይ የተነጠፈ ቡናማ አፈር፣ የስካነሩ መስታወት ላይ የደረቀ የማኅተም ቀለም። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከከተማው ዳር የተተከሉት ነፋሱ ስለማይጠፋ ነው፤ ያው ነፋስ በበጋ የስምጥ ሸለቆውን ደቃቅ አፈር በመስኮት ይዞት ይገባል። የአምራቹ መመሪያ «በየሦስት ወሩ ይጽዳ» ያለውን እዚህ በየወሩ ማድረግ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

የሚከተለው በወር ከ5,000 እስከ 30,000 ገጽ ለሚያትሙ ሌዘር ፕሪንተሮችና ሌዘር ኮፒ ማሽኖች የሚሆን ነው። ካኖን ይሁን ሪኮ፣ ኪዮሴራ ይሁን ኤችፒ፣ የክፍሎቹ ቦታ ይለያያል እንጂ አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው።

ሥራውን ለአንድ ሰው ይስጡ። «ሁሉም ይጠብቀው» የተባለ ማሽን ማንም አይጠብቀውም። ኃላፊው የግድ አይቲ መሆን የለበትም፤ ማሽኑ አጠገብ የምትቀመጥ ጸሐፊ ወይም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከማንም በላይ ድምፁን ታውቀዋለች።

ቆጣሪውና ደብተሩ

ከሜኑው ውስጥ የማሽኑን የሁኔታ ገጽ ያትሙ። እስካሁን የታተመው ጠቅላላ ገጽ፣ የቶነሩ መጠን፣ በብዙ ሞዴሎች ደግሞ የድራሙ (ምስሉ በቶነር የሚቀረጽበት አንጸባራቂ ጥቅልል) እና የፊውዘሩ (ቶነሩን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ቀሪ ዕድሜ ይታይበታል። አንድ ደብተር ማሽኑ አጠገብ በገመድ አስረው ያንጠልጥሉ፤ በወሩ የመጀመሪያ ቀን ቆጣሪውን፣ በየጊዜው ደግሞ የተጸዳውን፣ የተቀየረውንና የተከሰተውን ከነቀኑ ይጻፉበት።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? ጥቅምት 1 ላይ 184,300፣ ኅዳር 1 ላይ 196,800 ካለ በወሩ 12,500 ገጽ ታትሟል ማለት ነው። ሁሉም በአንድ ገጽ ብቻ ከታተመ 25 ሪም ወረቀት ነው። ግምጃ ቤቱ በዚያ ወር ለክፍሉ 32 ሪም አውጥቶ ከሆነ የቀረው 7 ሪም የት እንደገባ ማሽኑ አያውቅም፤ ጠያቂ ግን አሁን ማስረጃ አለው።

ሌላው ጥቅም ማሽኑ ከአቅሙ በላይ እየሠራ መሆኑን ማወቅ ነው። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ወርሃዊ ከፍተኛ አቅም ማሽኑ ሳይወድቅ የሚሸከመው ጣሪያ ነው እንጂ በየወሩ የሚጫንበት ልክ አይደለም። አምራቾች «የሚመከር ወርሃዊ መጠን» ብለው ለብቻው የሚሰጡት ቁጥር አለ፤ ከጣሪያው በብዙ እጥፍ ያንሳል። ግዢ ሲታሰብ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ቦታና መብራት

ማሽኑን ከመስኮትና ከበር ፊት ያርቁት። ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ ወለሉ በተጠረገ ቁጥር አቧራው የሚገባው በታችኛው ትሬይ (የወረቀት ማስቀመጫ) ነው። ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ማራገቢያው የሚተነፍስበት ጎን ደግሞ ከዚያ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ የጨርቅ ልብስ ማልበስ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ። ወለሉ ሊጠረግ ሲል ውሃ ይርከፍከፍበት፤ ይህ አንዲት ነገር የማጣሪያውን ዕድሜ ታረዝማለች።

መብራቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቶነሩን አቅልጦ ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ፊውዘር ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይግላል፤ ሲሞቅም በአንድ ጊዜ 1,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ለኮምፒውተር የተገዛ 650 ቮልት አምፒር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይህን አይችልም፤ ወይ ይጮኻል ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ውሎ አድሮም ባትሪውን ይጨርሳል። ሌዘር ፕሪንተር ከዩፒኤስ ባትሪ ጋር አይያያዝም። የሚያስፈልገው ጭነቱን የሚችል ስታብላይዘር (ቮልቴጅ የሚያመጣጥን መሣሪያ) ነው፤ ለትልቅ ኮፒ ማሽን ከ3,000 ቮልት አምፒር በታች አይግዙ። ከቡና ማፍያና ከውሃ ማሞቂያ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ ማኖርም አይሆንም።

በማተም ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ወዲያው ማብሪያ ማጥፊያውን ያጥፉ። ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ የሚልባቸው ናቸውና 5 ደቂቃ ጠብቀው ያብሩ። በዚያች ቅጽበት በፊውዘሩ ውስጥ የነበረ ወረቀት እዚያው ቀርቷል፤ ሳያወጡት ማብራት ጃሙን (የወረቀቱን መቀርቀር) ያባብሰዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሲሳሳ ማሽኑ ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ በሌላ መንገድ ይሠራል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ማሽኖች፣ ለምሳሌ የኪዮሴራ ሞዴሎች፣ በሜኑአቸው የከፍታ ማስተካከያ አላቸው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተዛወረ ማሽን ኅትመቱ ከተበላሸ ድራም ከመቀየር በፊት ይህን ይመልከቱ፤ ለአዳማ የሚስማማው ከ1,001 እስከ 2,000 ሜትር የሚለው ነው።

ወረቀቱ

80 ግራም ኤፎር ወረቀት አንድ ሪሙ 500 ቅጠል ነው፤ ክብደቱም 2.5 ኪሎ ይሆናል። ሚዛን ላይ ሲወጣ 2.2 ወይም 2.3 ኪሎ የሚሆን ሪም ወይ ቅጠሉ ጎድሏል ወይ ከ80 ግራም በታች ነው። ሳሳ ያለ ወረቀት ሁለት ሁለት እየተሳበ ይገባል፣ በሁለት ገጽ ሲታተም ደግሞ ፊውዘሩ ውስጥ ይጨማደዳል።

ርካሽ ወረቀት ከዋጋው በላይ የሚያስከፍለው በብናኙ ነው። ለመፈተን የሪሙን ጎን በጥቁር ጨርቅ ላይ ሁለቴ መታ መታ ያድርጉት፤ ጨርቁ ላይ ዱቄት ከተረፈ ያው ዱቄት ነገ ጎማው ላይ ነው።

በክረምት ሌላ ችግር ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተከፍቶ ያደረ ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ ፊውዘሩ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይተንናል፣ ወረቀቱ ይጠቀለላል ወይም ይጨማደዳል። ከማሽኑ ጀርባ የሚታየውን እንፋሎት ጭስ መስሎት የሚደነግጥም አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ ይክፈቱ፣ የተረፈውን በላስቲክ ጠቅልለው ያሳድሩ፣ ካርቶኑን ከሲሚንቶ ወለል ላይ አንስተው በእንጨት ላይ ያኑሩ። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አየሩ ሲደርቅ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ትሬይ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ክምሩን በአራቱም ጎን ያርገብግቡት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉት። ከትሬዩ መስመር በላይ አይሙሉ፤ የጎን መያዣዎቹ ወረቀቱን ይንኩት እንጂ አያጥብቁት።

በማተሚያ ቤት የታተመ ባለአርማ ወረቀት የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ሲያዝ «በሌዘር ፕሪንተር የሚታተምበት ነው» ብሎ ይናገር። ሙቀት የማይችል ወይም በደንብ ያልደረቀ ቀለም ፊውዘሩ ላይ ተነስቶ በቀጣዩ ደብዳቤ ላይ የአርማውን ጥላ ያትማል።

በየሳምንቱ፦ መስታወትና ጎማ

ዓርብ ከሰዓት 20 ደቂቃ ይበቃል። የሚያስፈልገው የመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ብናኝ የማይተው ጨርቅ ሁለት፣ ንጹሕ ውሃ፣ ጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለስላሳ ብሩሽና የስልክ መብራት ብቻ ነው።

ከስካነሩ ይጀምሩ። ክዳኑን ሲያነሱ ከትልቁ መስታወት በግራ በኩል የጣት ስፋት ያላት ጠባብ መስታወት አለች። ወረቀት ከላይ በራሱ እየተሳበ ሲገባ ማሽኑ የሚያነበው በዚህች በኩል ነው። ወረቀቱ ይንቀሳቀሳል፣ ዐይኑ ግን ቆሞ ያያል፤ ስለዚህ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ነጥብ እንኳ በኮፒው ላይ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ ጥቁር መስመር ትሆናለች። አልኮል በነካ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ ጥፍርዎን በመስታወቷ ላይ ቀስ አድርገው ያሳልፉ፤ የሚያደናቅፍ ነገር ካለ አልጠራም። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የማኅተም ቀለም ወይም ያልደረቀ ፍሉይድ (የስሕተት ማጥፊያ ነጭ ቀለም) ነው። አሁን ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ በላይኛው መሳቢያ (ወረቀቱን በራሱ በሚስበው በኩል) ማስገባት መከልከል አለበት፤ ወይ ደቂቃ ይጠብቅ፣ ወይ በትልቁ መስታወት ላይ ይነሳ። ስቴፕልና ክሊፕም እንደዚያው፤ አንድ የተረሳ ስቴፕል መስታወቷን ይጭራል፣ ጭረት ደግሞ በምንም አይጠረግም።

ቀጥሎ ጎማዎቹ። ማሽኑን አጥፍተው ከሶኬት ይንቀሉ፣ ትሬዩን ሙሉ በሙሉ ያውጡ። በባዶው ቦታ በስልክ መብራት ወደ ላይ ሲያዩ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ጥቅል ጎማዎች ይታያሉ፦ አንዱ ወረቀቱን ከክምሩ ያነሳል፣ አንዱ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሌላው ከሥር ሆኖ ተከትሎ የመጣውን ሁለተኛ ቅጠል ያስቀራል። ደህና ጎማ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሲነኩት እንደ አዲስ ጫማ ሶል ያዝ ያደርጋል። የደከመው ግን መሃሉ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል፤ በጥርሶቹ መካከል ነጭ ዱቄት ተጠቅጥቋል።

ጨርቁን በውሃ ነክረው አጥብቀው ይጭመቁ፣ ጎማውን በጣት እያሽከረከሩ ዙሪያውን ይጥረጉ። ብዙዎቹ የሚዞሩት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ እንቢ ካለ አያስገድዱት። ጨርቁ ግራጫ ይዞ ይወጣል፤ ንጹሑን ጥግ እየለወጡ ምንም እስከማይዝ ድረስ ይድገሙ። 3 ወይም 4 ዙር ይወስዳል። 10 ደቂቃ አድርቀው ትሬዩን ይመልሱ። ከምሳ መልስ ከሆነ አስቀድመው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ የወጥ ቅባት ከአቧራ የባሰ ያንሸራትታል።

በየሱቁ የሚነገር አንድ ምክር አለ፦ ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ። ለአንድ ሳምንት በደንብ ይስባል፣ ከዚያ የተፋቀው ጎማ እየተሸረፈ ዱቄቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውፍረቱም ስለቀነሰ ጭራሽ ወረቀቱ ላይ አይደርስም። ቤንዚንም ጎማውን ያደርቀዋል። ከጸዳ በኋላም ካልሳበ መቀየር ነው፤ ሲቀየርም ሦስቱም አብረው። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማጋባት ሁለት ሁለት የመሳብ ዋና ምክንያት ነው።

ጃም ሲያደርግ

ስክሪኑ የሚያሳየውን ቁጥር ወይም ሥዕል ደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ አንድ ቦታ ሦስቴ ከተደጋገመ ወረቀቱን ትተው የዚያን ቦታ ጎማ ይመርምሩ። ወረቀቱን በሁለት እጅ፣ በሚጓዝበት አቅጣጫ፣ በቀስታ ይሳቡ። ፊውዘሩ ላይ ከተያዘ አጥፍተው 30 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙ፤ በአብዛኛው ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሆኑትን መልቀቂያዎች ገፍተው ግፊቱን ያላሉና ያውጡት። ቢላ፣ ስክሪብቶና መቀስ አይገቡም።

ከተቀደደ ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥመው ሙሉ ኤፎር መሆኑን ያረጋግጡ። ወረቀቱ ወጥቶ ማሽኑ አሁንም «ጃም» ካለ የጥፍር የምታህል ቁራጭ የሴንሰሩን ትንሽ ምላስ ይዛዋለች ማለት ነው። ምላሷ በጣት ስትነካ ወርዳ በራሷ መመለስ አለባት።

በየወሩ፦ ውስጡ

ማስክና ጓንት ያድርጉ። የቶነር ቅንጣት በጣም ደቃቅ ነው፤ በተራ ቫኪዩም ማጣሪያ በኩል አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ኮምፒውተር የሚነፋበትን ብሎወርም አያስገቡ፤ ከታች የተኛውን ቶነር አንስቶ ሌዘሩ ክፍልና ማራገቢያው ውስጥ ይበትነዋል። የፈሰሰ ቶነር በደረቅ ጨርቅ ይነሳል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አራግፈው በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት፤ ሙቅ ውሃ አቅልጦ ያትመዋል።

የድራሙን ክፍል ካወጡ አንጸባራቂውን ገጽ አይንኩት፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ብርሃን ላይ አያቆዩት፤ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ያልብሱት። ድራሙን በኤሌክትሪክ የሚሞላ ቀጭን ሽቦ (ኮሮና ሽቦ) ያለው ሞዴል ከሆነ፣ ለምሳሌ ብዙዎቹ ብራዘሮች፣ በላዩ ላይ የሚንሸራተት ማጽጃ አለው። ከዳር እስከ ዳር አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሱትና ወደ መነሻ ምልክቱ ይመልሱት። መሃል ላይ ከተረሳ በየገጹ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ያትማል፤ «ካጸዳነው በኋላ ባሰበት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

የአየር ማጣሪያዎቹን ከጎንና ከጀርባ ፈልገው ያውጡ፣ ከቢሮ ውጭ በብሩሽ ያራግፉ። ከኅዳር እስከ ግንቦት ይህን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ አይበዛም። የታፈነ ማሽን ውስጡ ይግላል፣ ቶነሩ ከመድረሻው በፊት ይጓጉላል፣ ፍጥነቱንም ራሱ ይቀንሳል።

የቆሻሻ ቶነር ማጠራቀሚያው ሲሞላ ማሽኑ ይቆማል። ደፍቶ መመለስ የተለመደ ነው፤ ቢቻል አይደረግ፣ አዲስ ይተካ። የተጠራቀመውን ወደ አዲሱ ካርትሬጅ መልሶ መሙላት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ የወረቀት ብናኝ ተቀላቅሎበታል፣ ድራሙን ይፍቃል። በላስቲክ አጥብቀው አስረው ይጣል፤ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታ አይጣል፣ የተበተነ ደቃቅ ዱቄት ነበልባል ይይዛል።

ገጹን ማንበብ

ቴክኒሻን ከመጥራትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ፦ ከኮምፒውተር አንድ ገጽ ያትሙ፣ ከዚያ ያንኑ ገጽ በላይኛው መሳቢያ ኮፒ ያድርጉ። መስመሩ በኮፒው ላይ ብቻ ከታየ ጠባቧ መስታወት ናት፣ ምንም ክፍል አይገዛም። በሁለቱም ላይ ካለ ችግሩ ከድራሙ አካባቢ ነው። ጥቁር ቀጭን መስመር የድራም ጭረት ወይም የቆሸሸ ሽቦ ሲሆን ነጭ ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ የሌዘሩ መስኮት ላይ ያረፈ አቧራ ወይም ያለቀ ቶነር ነው።

ነጥብ ወይም ጉድፍ እየተደጋገመ ከወጣ በማስመሪያ ይለኩት። ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት የበሽተኛው ጥቅልል ዙሪያ ነው፤ ለ3.14 ሲካፈል የጥቅልሉን ውፍረት (ዳያሜትር) ይሰጣል። 94 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቅልል ነው፣ በብዙ ማሽኖች ድራሙ ማለት ነው። 75 ከሆነ 24 ሚሊ ሜትር። የሞዴሉ የጥገና መመሪያ የየጥቅልሉን ርቀት በሰንጠረዥ ይሰጣል፤ ያን ሰንጠረዥ አትሞ ደብተሩ ውስጥ ማጣበቅ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ጽሑፉ በአውራ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ፊውዘሩ በቂ አልሞቀም። መጀመሪያ በሜኑው የተመረጠውን የወረቀት ዓይነት ይመልከቱ፤ ለሰርተፍኬት ወፍራም ወረቀት አስገብቶ «ስስ ወረቀት» ላይ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። እሱ ትክክል ከሆነ ወይ ፊውዘሩ ደክሟል፣ ወይ ሲሞላ የማይስማማ ቶነር ገብቷል። ገጹ በሙሉ ግራጫ ጥላ ካለውም የደከመ ድራም ወይም ያው ቶነር ነው።

ሪፊል

ዋጋው ስለሚያስገድድ «አታስሞሉ» ማለት አያዋጣም። ሲሞላ ግን ለሞዴሉ የተሠራ ዱቄት መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ድራምና ቶነር አብረው የሆኑ ካርትሬጆች ውስጥ የቆሻሻው ጎን መደፋት አለበት፤ ሳይደፋ አዲስ ቶነር ብቻ ከተጨመረ በሳምንቱ ወረቀቱን ያጠቁራል። በጋለ ብረት ተበስቶ በፕላስተር የተዘጋ ካርትሬጅ ከመጣ አይቀበሉት። ሁለት ጊዜ ከተሞላ በኋላ ድራሙና ድራሙን የሚጠርገው የጎማ ምላስ ካልተቀየሩ ቁጠባው ያበቃል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የገጽ ብዛት የሚለካው ከገጹ 5 በመቶው ያህል ብቻ ቀለም ሲሸፈን እንደሆነም ያስቡ፤ ጥቅጥቅ ያለ ሠንጠረዥና ጥቁር አርማ ያለው ቅጽ ከዚያ በላይ ይበላል።

ከሰኔ በፊት

በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ የትምህርት ቤት ፈተናም በዚያው ሰሞን ይታተማል፤ ጠጋኝም ያን ጊዜ አይገኝም። ግንቦት አጋማሽ ላይ የሁኔታ ገጹን ያትሙና ከፊውዘሩ፣ ቶነሩን ወደ ወረቀቱ ከሚያሻግረው የማስተላለፊያ ጥቅልልና ከጎማዎቹ 15 በመቶ በታች የቀረውን ከወዲሁ ይዘዙ። እነዚህ ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ የሚቀየሩ ሲሆኑ ከሞዴል ሞዴል ቢለያይም ዕድሜያቸው ከ150,000 እስከ 300,000 ገጽ ይደርሳል። አንድ የጎማ ስብስብና አንድ ቶነር መሳቢያ ውስጥ ይኑር፤ ቶነሩ እስኪገባ ድረስ ከመጠቅለያው አይውጣ።

አዲሱ ፊውዘር ከገባ በኋላ የፊውዘሩን ቆጣሪ በሜኑው ዜሮ ያድርጉ። ይህ ከተረሳ ማሽኑ «ይቀየር» ማለቱን ይቀጥላል፣ ሌላ ሰው መጥቶም በሦስተኛው ወር አዲሱን ያስቀይራል። ቀኑንና የጠቅላላ ገጹን ቁጥር በፊውዘሩ የሚታይ የፕላስቲክ ጎን ላይ በማርከር ይጻፉ።